የሠራተኛ ምዘና ይጠቅማል? ለጎንደር አሠሪ የትኛው ዓይነት ይሻላል

ሰኔ ሲገባ የጎንደር መሥሪያ ቤቶችን ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ይይዛቸዋል። ፒያሳ ያለው ሆቴል፣ ማራኪ ያለው የግል ክሊኒክ፣ አዘዞ ያለው የሰሊጥ መጋዘን የበጀት ዓመቱን ሒሳብ ሲዘጉ የሠራተኛውንም ዓመት አብረው በቅጽ ሊዘጉት ይሞክራሉ። ቅጹ ይባዛል፣ ኃላፊው አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ይሞላዋል፣ ሠራተኛው ይፈርማል፣ ወረቀቱ የግል ማኅደር ውስጥ ይገባል። ሐምሌ ሲጠባ ሥራው እንደ ድሮው ይቀጥላል። «ታዲያ ይኼ ነገር ምን ጠቀመን?» የሚል ባለቤት ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

ምዘና ይጠቅማል። ግን አንድ ዓይነት ምዘና ሁሉንም ጉዳይ አይፈታም። አሠሪ ሠራተኛውን የሚመዝነው ከሦስት ነገሮች ለአንዱ ነው፦ ጭማሪና ቦነስ ለመወሰን፣ ሠራተኛው ሥራውን እንዲያሻሽል ለማገዝ፣ ወይም ማን ይቀጥል ማን ይሰናበት የሚለውን በማስረጃ ለመያዝ። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ሦስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ይጭናቸውና አንዱም ሳይሆን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ፣ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ደመወዝ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የቀረበ ወቀሳ ሠራተኛውን ወደ መከላከል ነው የገፋው፤ ብዙ የተወቀሱት በኋላ የተሻሻሉት በጥቂቱ ነው፤ ምስጋናውም ቢሆን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የጥናቱ ምክር የገንዘቡና የመሻሻሉ ጉዳይ በተለያየ ጊዜ ይነሳ የሚል ነበር። ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ግን ዛሬም ሁለቱን በአንድ ቀን እናነሳለን። ጭማሪ የሚጠብቅ ሰው ድክመቱን በገዛ አፉ አይናገርም፤ ልንፈርድበትም አይገባም።

ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች ከማወዳደርዎ በፊት ከሦስቱ የትኛውን እንደሚፈልጉ ይወስኑ።

በስድስት ወር ወይም በዓመት የሚሞላ ቅጽ

ይህ ሁላችንም የምናውቀው ነው። መስፈርቶች ይደረደራሉ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ «በጣም ከፍተኛ»፣ «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ይባላል።

ትልቁ ጥቅሙ ማስረጃ መሆኑ ነው፤ በግል ድርጅት ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ሥራውን የመሥራት ችሎታው ቀንሷል ተብሎ በማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ከሆነ፣ በኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር፣ የችሎታው መቀነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። ምዘና የማያውቅ ድርጅት «ሰውዬው አይሠራም» ብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ቅነሳ ሲመጣም እንዲሁ ነው። አዋጁ በሥራ ላይ እንዲቆዩ ቅድሚያ የሚሰጠው የሥራ ችሎታ ላላቸውና ከፍተኛ የምርት ውጤት ለሚያሳዩ ሠራተኞች ነው። ከኮቪድ ወዲህ እንግዳ ሲርቅና ሲቀርብ የኖረባቸው የጎንደር ሆቴሎች ቅነሳ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ማን የተሻለ ይሠራ እንደነበር የሚመሰክር መዝገብ ከሌለ ወሬና ዝምድና ይወስናሉ።

ድክመቱ ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። ጎንደር ሰፊ ከተማ ብትሆንም መሥሪያ ቤቶቿ ውስጥ ያለው ሰው ተዛምዶ የሚኖር ነው። ኃላፊውና ጸሐፊዋ አንድ እድር ውስጥ ናቸው፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውና የክፍሉ አለቃ የሚካኤልን ማኅበር አብረው ይጠጣሉ፤ የአንዱ ልጅ ለሌላው የክርስትና ልጅ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለባልደረባ «መካከለኛ» ብሎ መስጠት የሥራ አስተያየት መሆኑ ይቀርና ቂም ተደርጎ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ነጥቡ የደረጃ እድገት፣ የትምህርት ዕድል ወይም ቦነስ ላይ የሚታሰብ ከሆነ ዝቅ አድርጎ የሞላ ኃላፊ እንጀራ እንደነጠቀ ይወራበታል። ስለዚህ ሁሉም ከ90 በላይ ያገኛል። እዚህ ላይ የሚጎዳው ጎበዙ ሠራተኛ ነው፤ ይህ ነው እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ። ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ነርስ 94፣ ስልኳን ስትነካካ የዋለችው 92 ሲሰጣቸው፣ የመጀመሪያዋ በሚቀጥለው ዓመት ለምን እንደምትለፋ ራሷን ትጠይቃለች።

ሁለተኛው የማስታወስ ችግር ነው። ሰኔ ላይ የተቀመጠ ኃላፊ የሚያስታውሰው ግንቦትንና ሰኔን ነው። ለጎንደር ሆቴል ደግሞ ዓመቱ የሚፈተነው በጥር ነው። ለጥምቀት ከተማው ሞልቶ፣ ክፍል ጠፍቶ፣ የወጥ ቤቱ ሠራተኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ቁርስ ያደረሰበት ሳምንት በቅጹ ላይ የለም። በቅጹ ላይ ያለው ክረምት ሊገባ ሲል እንግዳ በሌለበት ሎቢ ተቀምጦ የታየው ሰው ነው።

ሦስተኛው የመዛኙ ማንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በብዙ ሺህ ኃላፊዎች ምዘና ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው በነጥቦች መካከል ከሚታየው ልዩነት ከግማሽ በላዩ የሚመነጨው ከመዛኙ የግል ዝንባሌ ነው። አንዱ ኃላፊ እጁ ለስላሳ ነው፣ ሌላው ጥብቅ ነው። ስለዚህ ከሁለት ክፍል የመጡ 85ና 91ን አስተያይቶ አንዱን ማሳደግ ፍትሕ አይሆንም።

የኔ ፍርድ፦ ቅጹ አይጣል፤ ግን ይጠር። ሦስት አራት መስፈርት ይበቃዋል። ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን «ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ሥራ ከነቀኑ» የሚል ቦታ ይኑረው፤ ምሳሌ ያልተጻፈለት ነጥብ አይቆጠር። ይህች አንዲት ለውጥ ይሉኝታውን ባታጠፋውም በጣም ታሳንሰዋለች፤ 95 ለመስጠት የሚጻፍ ነገር ያስፈልጋላ።

በየወሩ የሚደረግ አጭር ውይይት

እ.ኤ.አ. በ2012 አዶቢ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ዓመታዊ ምዘናውን ትቶ ኃላፊና ሠራተኛ በየጊዜው ወደሚነጋገሩበት አሠራር ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶችም በየፊናቸው ተከተሉት። ለእኛ ግን ሐሳቡ ከሩቅ መምጣት አላስፈለገውም። ሠራተኛውን በትክክል የሚያውቅ የጋራዥ ባለቤት ዕለት ዕለት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የጎደለው ቋሚ ቀንና ደብተር ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ኃላፊው ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ለሩብ ሰዓት ያህል ለብቻ ይቀመጣል። ምን ጥሩ ሄደ? ምን አስቸገረ? በሚቀጥለው ወር አንድ ነገር ብናሻሽል የቱን? ኃላፊውስ ምን ያግዝ? ሁለት ሦስት መስመር ተጽፎ ሁለቱም ያዩታል። ስለ ደመወዝ በዚያ ቀን አይነሳም።

አነጋገሩ ላይ ልቆይ፣ ውጤቱ የሚወሰነው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አስተያየት መስጠት የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን አነጻጸሩ። በአማካይ አስተያየት ሥራን ያሻሽላል፤ ከሦስት አንድ በሚበልጠው ጊዜ ግን ሥራውን ጭራሽ አበላሽቶታል። ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ለእኛ ይበልጥ ይሠራል፦ ንግግሩ ስለ ሥራው ሲሆን ሰው ሥራውን ያያል፤ ስለ ማንነቱ ሲሆን ግን ክብሩን ማዳን ውስጥ ይገባል። «ቸልተኛ ነህ» ስለ ሰውዬው የተነገረ ነው። «ረቡዕና ዓርብ የመድኃኒት መዝገቡ አልተሞላም» ስለ ሥራው ነው።

በዕድሜ የሚበልጥን ሰው ስናነጋግር ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። የሠላሳ ዓመት ሥራ አስኪያጅ የሃምሳ ዓመት ዋና ወጥ ቤት እመቤትን እንዲህ ቢያነጋግር አክብሮቱም እውነቱም ሳይጓደል ይሄዳል፦

«እትዬ፣ ቁርስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል ተባብለን ነበር። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን 1 ሰዓት አለፈው። ምን አስቸገረዎት? እኔስ ምን ልርዳ?»

እሳቸው ምናልባት «ውኃው ሌሊት አይመጣም፤ በርሜሉ ባዶ ሆኖ ነው የማገኘው» ይላሉ። ነገሩ ያኔ ይገለጣል። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ ማታ በርሜል የሚሞላ ሰው አልተመደበም። በሰኔ ቅጽ ላይ ግን ይህ «ሰዓት አክባሪነት፦ ከ10፣ 6» ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህ አማራጭም ጉድለት አለው። ኃላፊው ማዳመጥ ካልቻለ ወርኃዊ ውይይቱ ወርኃዊ ቁጣ ይሆናል። በአንድ ኃላፊ ሥር 40 ሠራተኛ ካለ ጊዜው አይበቃም፤ የፈረቃ ወይም የክፍል ኃላፊዎች ሊካፈሉት ግድ ነው። ደብተር ካልተያዘ ደግሞ አለቃው የሚወደው ሰው ጥፋት ይረሳል፣ የማይወደው አይረሳም፤ አንዴ አለቃ ጥርስ ውስጥ የገባ ሠራተኛም የሚከራከርበት ጽሑፍ አያገኝም። ቢሆንም ሰው እንዲሻሻል የሚፈልግ አሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይያዝ እላለሁ።

በቁጥር ግብ መመዘን

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ቢ.ኤስ.ሲ.ን (ባላንስድ ስኮርካርድ የሚባለውን የምዘና ሥርዓት) ያውቀዋል። ካፕላንና ኖርተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ የድርጅት ውጤት በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በደንበኛ፣ በውስጥ አሠራርና በመማማር በኩልም ይታይ ይላል። የታሰበው ለድርጅት ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ እስከ እያንዳንዱ ሠራተኛ ወረደና የፋይል ቁጥር፣ የስብሰባ ቁጥር፣ የሪፖርት ቁጥር መቁጠሪያ ሆነ።

የሚቆጠር ሥራ ላይ ቁጥር ይረዳል። በሰሊጥ መጋዘን በቀን የተበጠረ ኩንታል ይቆጠራል። ግን ኩንታሉ ብቻ ከተቆጠረ አፈርና ገለባው ይተርፋል፤ ስለዚህ ብዛትን የሚቆጥር ጥራትንም አብሮ ይቁጠር፤ አለዚያ ባይጀምረው ይሻላል። ነርስ፣ አስጎብኚ፣ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ላይ ግን ቁጥር ዋናውን ነገር ያመልጠዋል። በፋሲል ግቢ አሥር ቡድን ያስጎበኘና አምስት ቡድን ያስጎበኘ ሰው በቁጥር አይወዳደሩም፤ እንግዳው ምን ይዞ ሄደ የሚለው ነው ጉዳዩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሠራተኛውን በእጁ ባልሆነ ነገር መመዘን ነው። ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለው የጥራት ሊቅ ዓመታዊ የሠራተኛ ምዘናን አጥብቆ የተቃወመው በዚህ ምክንያት ነበር፦ የውጤት ልዩነት አብዛኛው የሚመጣው ከአሠራሩ እንጂ ከሠራተኛው አይደለም ይል ነበር። ጎንደር ላይ ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአንገረብ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ የክፍል ጽዳቱ ይዘገያል። መንገድ ሲዘጋ የሽያጭ ሠራተኛው ግብ ይወድቃል። መብራት ሲሄድ ላቦራቶሪው ይቆማል። ግብ ሲወጣ «ይህን የሚያሰናክል ከሠራተኛው አቅም ውጪ የሆነ ነገር ምንድን ነው?» ተብሎ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ያ ነገር ከደረሰም ግቡ ይስተካከል። ይህን የማያደርግ አሠሪ ቁጥር ባያወጣ ይመረጣል።

የጋራ ግምገማ

ሰብሰብ ተብሎ አንዱ ሌላውን የሚሄስበት፣ ሰው ተነስቶ ራሱን የሚሄስበት ግምገማ በኢሕአዴግ ዘመን በየቢሮው የተለመደ ነበር። ስሙ ሲነሳ ዛሬም የሚደነግጥ ሰው አለ፣ በቂ ምክንያትም አለው። በሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ ስለ ሥራው የሚማረው የለም፤ የሚማረው ዝም ማለትንና ወገን መያዝን ነው። የአንድን ሰው አፈጻጸም በጉባኤ መገምገም በምንም መልኩ አልመክርም።

ሥራን በጋራ መገምገም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሊጠፋብንም አይገባም። የጥምቀት እንግዳ በሄደ በሳምንቱ መላው የሆቴሉ ሠራተኛ ተቀምጦ «ቁርስ ለምን ተጨናነቀ? የክፍል ቁልፍ ለምን ጠፋ? ለከርሞ ምን እናስቀድም?» ቢባባል፣ ከየትኛውም ቅጽ የበለጠ ፍሬ ይገኛል። ደንቡ አንድ ነው፦ የሰው ስም አይነሳም።

ከአንደኛ እስከ መጨረሻ መደርደር

ጄኔራል ኤሌክትሪክን የመራው ጃክ ዌልች ሠራተኛውን 20፣ 70ና 10 በመቶ አድርጎ ከፍሎ የታችኛውን 10 በመቶ የማሰናበት አሠራር አስፋፋ። ማይክሮሶፍት ተመሳሳዩን ይጠቀም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ተወው። ስምንት ሠራተኛ ላለው የአራዳ ሱቅ አሥር በመቶው አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ትልቅ ድርጅትም ቢሆን ጓደኛው ካልወደቀ እሱ እንደማይነሳ የሚያውቅ ሠራተኛ ለአዲሱ ባልደረባው ሥራ አያሳይም። ይለፉት።

ከየአቅጣጫው መመዘን

አለቃ፣ ባልደረባ፣ ደንበኛ፣ የበታች ሠራተኛ ሁሉም አስተያየት የሚሰጥበት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን መምህር በተማሪ፣ በባልደረባና በትምህርት ክፍል ኃላፊ ይመዘናል፤ መቶ ተማሪ ሲሞላ የማን አስተያየት እንደሆነ አይለይም፣ ስለዚህ ይሠራል። ስድስት ሰው ባለበት ክሊኒክ ግን የእጅ ጽሑፉ ይታወቃል። እዚያ የደንበኛን አስተያየት ብቻ መሰብሰብ ይበቃል።

ጭራሽ አለመመዘንስ?

«እኛ ቤተሰብ ነን፣ ምዘና አያስፈልገንም» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ግን ምዘና የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም፤ ያልተጻፈና ያልተነገረ ምዘና ነው ያለው። ባለቤቱ በልቡ ማን ጎበዝ ማን ሰነፍ እንደሆነ ወስኗል፤ የማያውቀው ሠራተኛው ብቻ ነው። አንድ ቀን ሲሰናበት ወይም ጭማሪ ሲቀርበት ነው የሚሰማው። ቢያንስ የሙከራ ጊዜን ያለ ጽሑፍ ማሳለፍ አይገባም። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በ20ኛውና በ40ኛው ቀን ግድም አንዳንድ ገጽ ተጽፎ ለአዲሱ ሠራተኛ ከተነገረው፣ በመጨረሻው ቀን ማንም አይደናገጥም።

እንግዲህ የትኛውን?

ከአሥር የማይበልጥ ሠራተኛ ላለው ሱቅ፣ ካፌ ወይም ጋራዥ ወርኃዊ ውይይትና ደብተር ይበቃዋል። በዓመት አንዴ ከደብተሩ ተውጣጥቶ አንድ ገጽ ይጻፍና ይፈረምበት፤ ለሕግም ለፍትሕም ያ ገጽ ይጠቅማል።

ለሆቴል የምመክረው ቅይጥ ነው። ውይይቱን የክፍል ኃላፊዎች በየወሩ ያድርጉ። ቅጹ በዓመት ሁለቴ ይሞላ፤ የመጀመሪያው ጥር ሳያልቅ፣ የጥምቀቱ ሥራ ከሰው ልብ ሳይወጣ፣ ሁለተኛው በሰኔ። የጭማሪና የቦነስ ውሳኔ ለብቻው ነሐሴ ላይ ይነገር። ክፍሎች ከመፈራረማቸው በፊት የክፍል ኃላፊዎቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ነጥቦቻቸውን ያስተያዩ፤ እጁ የለሰለሰውም የጠበቀውም እዚያ ይታያል።

ለክሊኒክና ለግል ትምህርት ቤት ከወርኃዊው ውይይት ጋር ሥራውን በአካል ማየትን ይጨምሩ። ርእሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ካላየ ስለ መምህሩ የሚያውቀው ከወላጅ የሰማውን ብቻ ነው።

በመንግሥት ቢሮ ቅጹ ግዴታ ነው፤ ኃላፊው ሊቀይረው አይችልም። ደብተር መያዝ ግን ማንም አይከለክለውም። ከደብተር ተነስቶ የሞላ ኃላፊ ነጥብ ዝቅ ቢያደርግም የሚናገረው አለው፤ ሠራተኛውም ባይደሰት እንኳ አይደነቅም።

ሠራተኛ ለሆናችሁም ልናገር፣ ምዘናው የእናንተም ነውና። በየሳምንቱ መጨረሻ የሠራችሁትን ሁለት መስመር ጻፉ፤ ሰኔ ላይ አለቃችሁ የረሳውን ጥር የምታስታውሱለት እናንተ ናችሁ። ቅጽ ሲቀርብላችሁ ባዶ ሆኖ ወይም በእርሳስ ተሞልቶ ከሆነ አትፈርሙ። በነጥቡ ካልተስማማችሁ ከፊርማችሁ በላይ ባለው የአስተያየት ቦታ ምክንያታችሁን በአጭሩ፣ ከነቀኑ፣ ያለ ስድብ አስፍሩና የወረቀቱን ኮፒ ጠይቁ።